የኤሪክሰን ልብና የአክስቴ ልጅ ልብ

ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ማታ የት ነበራችሁ? እኔ ሰፈራችን ካለችው ኳስ ማያ ቤት፣ ከኋላ ወንበር ላይ። በኮሮና ምክንያት ዓመት የተላለፈው የአውሮፓ ዋንጫ ነው፤ ዴንማርክ ከፊንላንድ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ክርስቲያን ኤሪክሰን ማንም ሳይነካው ተዝለፍልፎ ወደቀ። ያ ሁሉ ሲንጫጫ የነበረ ቤት ጸጥ አለ። አስተናጋጁ እንኳ ማኪያቶውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። የቡድን ጓደኞቹ ክብ ሠርተው እያለቀሱ ጋረዱት፤ ሐኪሞች ደረቱን ተጫኑት፤ በኤሌክትሪክ ልቡን ቀሰቀሱት።

ሰውየው ተረፈ። ምቱ በድንገት ሲበላሽ ራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ ሰውነቱ ውስጥ ተተከለለት። ስምንት ወር ገደማ ቆይቶ በብሬንትፎርድ ማሊያ ሜዳ ገባ፤ በዚያው ክረምት ደግሞ ማንቸስተር ዩናይትድ ፈረመ። (የአርሰናል ደጋፊ የሆነው ወዳጄ «መሣሪያው የሚያስፈልገው ለቡድኑ ነበር» ይላል። እሱን ተዉት።)

ያን ምሽት ሁላችንም የልብ ሐኪም ሆነን አመሸን። በማግስቱ ረሳነው። እኔም ረስቼው ነበር፤ የአክስቴ ልጅ እስክታስታውሰኝ ድረስ።

«ልቤ ይሮጣል»

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ጋዝጊብላ ነው። «የት ነው ደሞ እሱ?» የምትሉ አትጠፉም፤ አልፈርድባችሁም። ጋዝጊብላ ዋግ ኽምራ ውስጥ፣ በላስታና በሰቆጣ መካከል ያለ ደጋ ወረዳ ነው፤ ከተማው አስከተማ ይባላል። ከአዲስ አበባ ወደ ሰቆጣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እንደ ዘመኑ መንገድና እንደ ዘመኑ ሰላም ደግሞ ይረዝማል።

ልጅቷ የ24 ዓመት ወጣት ናት። ነሐሴ ላይ ሻደይ ሲመጣ ቅጠሉን ወገቧ ላይ አስራ ከጓደኞቿ ጋር ስትጨፍር የሚስተካከላት አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ጭፈራው መሐል ቁጭ አለች። «ልቤ ይሮጣል» አለች። ዳገት ሲሆን ትንፋሽ ያጥራት ጀመር።

ክሊኒክ ተወሰደች። ጋስትራይት ነው ተባለ። ሌላ ክሊኒክ ታይፎይድ አለ። (ታይፎይድ ያልተባለ ኢትዮጵያዊ ካለ እጁን ያውጣ!) ሦስተኛው ጭንቀት ነው ብሎ መድኃኒት ሰጣት። የክሊኒኮቹን ስም አልጠራም፤ የእነሱ ብቻ ጥፋት ስላልሆነ። ነገር ግን ሦስቱም ጋ ማንም ሰው የእጅ አንጓዋን ይዞ አንድ ደቂቃ ሙሉ ምቷን አልቆጠረም።

አንድ ቀን ጠዋት ቡና እየቆላች ምላሷ ተሳሰረ። ቀኝ እጇ ማንከሽከሻውን ለቀቀው። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ገሚሱ «ምች ነው»፣ ገሚሱ «ነፋስ መቷት ነው» አለ። ጸበል ተወሰደች። ኋላም ዘመድ ተሰባስቦ፣ ሁለት በግ ተሽጦ፣ እኔ ጋ አዲስ አበባ መጣች።

የመረመራት ሐኪም መጀመሪያ ያደረገው ነገር እጇን መያዝ ነበር። ዝም ብሎ ሰዓቱን እያየ ቆጠረ። ከዚያ ኢሲጂ፣ ከዚያ ኢኮ። ሲጨርስ ወደ አክስቴ ዞሮ አንድ ጥያቄ ጠየቃት። «እናት፣ ልጅዎት ትንሽ ሆና ጉሮሮዋን ያማት ነበር?»

«አዎ ጌታዬ፤ እንጥሏ እየወረደ ያስቸግራት ነበር። አስቆርጠናታል» አለች አክስቴ።

ሐኪሙ አልተቆጣም። አንገቱን ብቻ ነቀነቀ። ታሪኩን ከዚህ በፊት መቶ ጊዜ የሰማው ይመስላል።

ከጉሮሮ እስከ አንጎል

እስቲ መንገዱን አብረን እንከተለው፤ ምክንያቱም የዛሬው ጽሑፌ ሁሉ ያለው እዚህ መንገድ ላይ ነው።

ልጅ ጉሮሮውን ይታመማል። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ቫይረስ ነው፤ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ጥቂቱ ግን ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣ ነው። ይሄኛው በፔኒሲሊን ካልታከመ አንዳንዱ ልጅ ላይ ሌላ ጣጣ ይጀምራል። ባክቴሪያውን ለመውጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያውንና የገዛ ልቡን ይወጋል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ዛሬ ጉልበቱን፣ ነገ ቁርጭምጭሚቱን ያመዋል። የሩማቲክ ትኩሳት ይሉታል። ጉልበቱ ይድናል። ልቡ ውስጥ ያለው በር ግን ጠባሳ ይይዛል። ትኩሳቱ በተመላለሰ ቁጥር ጠባሳው ይጨምራል።

እንጥል መቁረጥ ለዚህ ምንም አያደርግም። ባክቴሪያው እንጥል ላይ ተቀምጦ ምላጭ አይጠብቅም። ይልቅ የመድማትና የመመረዝ አደጋ ይጨመርበታል።

ዓመታት ያልፋሉ። በግራ በኩል ያለው፣ ሚትራል የሚባለው የልብ በር ይጠባል። ከበሩ ኋላ ያለችው ክፍል ደሙን ለማሳለፍ ስትታገል ትለጠጣለች። የተለጠጠች ክፍል ደግሞ ምቷን መጠበቅ ያቅታታል፤ በሥርዓት መኮማተሩን ትታ ትንቀጠቀጣለች። ይህ ነው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው። እጅ ስትይዙ ምቱ ፈጠን ዘግየት፣ ጠንከር ደከም፣ ምንም ዜማ የለውም። በምትንቀጠቀጠው ክፍል ጥግ ደም ይቆማል፤ የቆመ ደም ይረጋል። ከረጋው አንዲት ቁራጭ ተነሥታ ወደ አንጎል ስትሄድ ስትሮክ ይባላል። ወይም እንደኛ አገር «ነፋስ መታት»።

ቁጥሩን ልንገራችሁ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ብቻውን ስትሮክ የመምጣቱን ዕድል አምስት እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ከጠበበ የሚትራል በር ጋር ሲሆን ግን፣ ፍራሚንግሃም በተባለችው የአሜሪካ ከተማ በተደረገው የታወቀ ክትትል መሠረት፣ 17 እጥፍ ገደማ።

የሽማግሌ በሽታ የማን ነው?

የልብ ምት መዛባት ብዙ ዓይነት ነው። አልፎ አልፎ «ዘለል» የምትል ትርፍ ምት አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የላትም፤ ሁላችንም ጋ አለች። በጣም የሚዘገይ ምት አለ፤ ለእሱ ፔስሜከር ይተከላል። እንደ ኤሪክሰን በቅጽበት የሚጥልም አለ። ለረጅም ጊዜ ከሚቆዩት ውስጥ በጣም የተለመደው ግን ያው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው። በዓለም ላይ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንዳለባቸው ይገመታል። በአውሮፓና በአሜሪካ ከሦስት ወይም ከአራት አዋቂ አንዱን በሕይወቱ ዘመን ያገኘዋል።

እዚያ ግን የሽማግሌ በሽታ ነው። የ75 ዓመት አዛውንት፣ ደም ግፊት፣ ውፍረት። ኢንተርኔት ላይ ስለዚህ በሽታ ብትፈልጉ የምታገኙት ሥዕል ሁሉ ሽበታም ፈረንጅ ደረቱን ይዞ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያ ሥዕል ውስጥ የለችም።

የእሷን ሥዕል የሳለው ሬሜዲ የተባለ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ12 የአፍሪካ አገሮች፣ ከሕንድና ከየመን 3,343 የሩማቲክ ልብ ሕሙማንን ተመለከተ። መካከለኛ ዕድሜያቸው ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 28 ዓመት። ከመቶ 66ቱ ሴቶች። ከመቶ 22 ያህሉ ምታቸው የተዛባ። ማለትም ይሄ የኛ ትውልድ በሽታ ነው። ከኛም ደግሞ የእህቶቻችን።

በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ጅማ ላይ ምንም ሕመም የማይሰማቸውን ተማሪዎች ልብ በኢኮ አየ። ከ1,000 ተማሪ 30 ያህሉ ላይ የሩማቲክ ምልክት ተገኘ። ስሌቱን ለእናንተ ልተወው፤ እናንተ የተማራችሁበት ትምህርት ቤት ስንት ተማሪ ነበረው?

(የከተማ ልጆች ደግሞ «ይሄ የገጠር ነገር ነው» ብላችሁ እንዳትዝናኑ። ያልታከመ ደም ግፊት፣ የበዓል ሰሞን ያለ ልክ መጠጣት፣ ከመጠን በላይ የሚሠራ እንቅርት ሁሉም ወደዚያው ምት ያደርሳሉ።)

ጎመንና ዋርፋሪን

እሺ፣ እንዴት ይታከማል?

በሀብታም አገር ብዙ አማራጭ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ውስጥ ሐኪሞች የብልሹው ምት መነሻ ብዙ ጊዜ ከሳንባ ወደ ልብ የሚገቡት ደም ሥሮች እንደሆኑ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ቦታውን በቀጭን ሽቦ ገብቶ መተኮስ የተለመደ ሕክምና ሆነ። በአፍሪካ ግን፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2016 ያለውን ጊዜ ያጠኑ የልብ ሐኪሞች እንደጻፉት፣ ፔስሜከር እንኳ የሚተከለው ከአውሮፓ 200 ጊዜ ባነሰ መጠን ነው። ስለዚህ ሕልሙን ወደ ጎን እናድርገውና የአክስቴን ልጅ ሕክምና እንይ።

ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሩጫውን የሚያበርድ ኪኒን። ሁለተኛ፣ የሩማቲክ ትኩሳቱ እንዳይመለስ ፔኒሲሊን። ሦስተኛ፣ ደሙ እንዳይረጋ ዋርፋሪን። (የጠበበውን በር በፊኛ ማስፋት ወይም በቀዶ ሕክምና መቀየር ወረፋ ይጠብቃል።)

ዋርፋሪን ርካሽ ኪኒን ነው። ግን ጠባዩ እንደ ክፉ አማት ነው። ሲያንስ ደም ይረጋል፤ ሲበዛ ያደማል። ልክ መሆኑ የሚታወቀው አይኤንአር በሚባል የደም ምርመራ ብቻ ነው፤ ለእሷ ቁጥሩ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ቁጥሩን ደግሞ ምግብ ይገለብጠዋል። በተለይ ምን? ጎመን! ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ጉልበት ያዳክማል። እንግዲህ አስቡት፤ ዐቢይ ጾም ገብቶ ቤቱ ሁሉ ጎመን በሆነበት አገር፣ ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ጎመኑ በአንድ ቀን በሚቀርበት አገር፣ የዚህች ልጅ ደም በየወቅቱ ይገለባበጣል። ጎመን አትብላ አይደለም ነገሩ። መጠኑን አታለዋውጥ፣ ስትለዋወጥ ተመርመር ነው።

ምርመራው ግን የት ነው? የአክስቴ ልጅ ለአንድ ጠብታ ደም የሁለት ቀን መንገድ ትሄዳለች፤ ለመመለስም ሁለት ቀን። በየወሩ። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ አትሄድም። ባለፈው ዓመት ሦስት ወር ሳትመረመር በጭፍን ዋጠች። ስልክ ስደውል «ደህና ነኝ» ትለኛለች። ደህና መሆኗን እሷም እኔም አናውቅም።

ብቻዋን አይደለችም። በዚያው በሬሜዲ ጥናት ደም ማቅጠኛ ከሚወስዱት ሕሙማን ውስጥ ቁጥራቸው ልክ ሆኖ የተገኘው ከመቶ 28ቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት ወይ ሳይጠበቁ፣ ወይ ለመድማት ተጋልጠው ኪኒን ይውጣሉ።

«ምርመራ የማይፈልግ አዲስ ኪኒን አለ አይደል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አለ። ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ኢንቪክተስ የተባለው ትልቅ ጥናት በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ልብና የተዛባ ምት ያለባቸውን ሰዎች ተከታትሎ አዲሱን ኪኒን፣ ሪቫሮክሳባንን፣ ከአሮጌው ጋር አወዳደረ። አሮጌው አሸነፈ፤ በእነ ዋርፋሪን የታከሙት የሞቱት ያነሱ ነበሩ። ስለዚህ እንደ አክስቴ ልጅ ላሉት በአቋራጭ የሚዘለል ነገር የለም። ምርመራው ያስፈልጋል።

አንድ የምንሸሸው ጉዳይም አለ። ዋርፋሪን ለጽንስ አደገኛ ነው፤ የጠበበ በር ያለው ልብ ደግሞ እርግዝናን ይከብደዋል። በጥናቱ ውስጥ በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ሴቶች የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙት ከመቶ 4 አይሞሉም። አክስቴ በየስልኩ «መቼ ነው የምትዳሪልኝ?» ትላታለች። ይህን ለአክስቴ ቁጭ ብሎ ያስረዳት የለም። እኔም ገና አፌን አልፈታሁም፤ አሁን ግን ግዴታዬ እንደሆነ ገብቶኛል።

ሁለት ቃል ኪዳኖች

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

በ2007 ዓ.ም. ሁለት ቃል ኪዳኖች ተገቡ። አንደኛው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው። መንግሥት በእኛው በዋጓ ሰቆጣ ስም እስከ 2030 እ.ኤ.አ. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ቃል ገባ። ስሙን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሁለተኛው የአዲስ አበባ ነው። የካቲት ላይ የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች አፍሪካ ኅብረት ውስጥ ተሰብስበው የሩማቲክ ልብ ሕመምን ከአህጉሪቱ ለማጥፋት ሰባት ነጥብ ያለው መግለጫ አወጡ፤ በዚያው ዓመት የኅብረቱ መሪዎች ተቀበሉት። ፔኒሲሊን እንዳይጠፋ፣ ሕሙማን እንዲመዘገቡ፣ ሕክምናው ወደ ታች እንዲወርድ ይላል። ይሄኛውን የሰማ አለ? በከተማችን ስም የወጣ መግለጫ ነው እኮ!

እኔ የምለው ቀላል ነው። የልብ ነገር ሲነሣ አእምሯችን የሚሄደው ወደ ቀዶ ሕክምና ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመሩት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድካም ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል እስከ መክፈት ደርሷል፤ ክብር ለእሳቸው። አጭር መልእክት ስንልክ፣ ሳጥኑ ውስጥ ብር ስንጨምር ጥሩ አደረግን። ግን ቀዶ ሕክምናው የመንገዱ መጨረሻ ነው። ወረፋው ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ አሉ፤ ከኋላቸው ያለውን በር ካልዘጋነው ወረፋው አያልቅም። በሩ ያለው አዲስ አበባ አይደለም። ጋዝጊብላ ጤና ጣቢያ ነው፤ የሚዘጋውም በፔኒሲሊን መርፌ፣ በአንድ ኢሲጂ ማሽንና ስኳር እንደሚለካበት ባለች፣ ከጣት በምትወሰድ ጠብታ ደም አይኤንአር በምታነብ መሣሪያ ነው።

ፔኒሲሊኑ እንደሚሠራ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ጎረቤት ኡጋንዳ አለች። ሰሜን ኡጋንዳ ውስጥ በኢኮ ገና ጅምር ምልክት የተገኘባቸው 818 ልጆች ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ መርፌ ተወጉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ካልተወጉት ከመቶ 8ቱ ብሶባቸዋል፤ ከተወጉት ግን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም።

«ነርሶቹ መርፌውን ይፈሩታል፤ ሰው ይገድላል» ይባላል። ፍርሃቱ መሠረት አለው። ግን የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር በመርፌው ማግስት ከሚሞቱት ብዙዎቹ በአለርጂ ሳይሆን ቀድሞም ልባቸው በጣም የተጎዳ ስለነበር እንደሚሆን ጠቁሟል። ስለዚህ በጣም የተጎዱት ኪኒኑን ይውሰዱ፤ የቀሩት ይወጉ ይላል። ይህን ለአንድ ነርስ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ሥልጠና ይበቃል።

«በድርቅና በጦርነት ለተጎዳ አካባቢ ይሄ ቅንጦት ነው» የሚለውንም ሰምቻለሁ። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ በአማራ ክልል ስንት የጤና ተቋም ተዘርፎና ወድሞ እንደተገኘ አልረሳሁም። ግን ተዘርፎ የነበረ ጤና ጣቢያ እንደ አዲስ ሲሟላ ያችን ትንሽ መሣሪያ አብሮ ማስገባት ቅንጦቱ ምኑ ላይ ነው? ቅንጦትስ የ24 ዓመት ልጅ ቀኝ እጇን አጥታ ዕድሜ ልኳን እንድትኖር መፍቀድ ነው። አንድ የምታርስ፣ የምትወቃ፣ የምትጋግር ቤተሰብ ሠራተኛ ማጣት ለዋግ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አክስቴን ጠይቋት።

ጸበሉስ? ጸበሉ ይቀጥል። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲናገሩ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል አስተምረዋል። ለዋርፋሪንም ያው ነው። አክስቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ኪኒኑን በጸበል ታስውጣታለች።

እጃችሁን አምጡ

ለእናንተ የቤት ሥራ ልስጥ። ይህን ጽሑፍ ስትጨርሱ የግራ እጃችሁን አንጓ፣ ከአውራ ጣት በታች፣ በሁለት ጣት ያዙ። አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ዕረፍት ላይ ከ60 እስከ 100 ከሆነና ዜማ ካለው ደግ። ከዚያ የእናታችሁን ያዙ። የአያታችሁን ያዙ። ከገጠር የመጣችውንና ዳገት ላይ የምትቆመውን የቤት ሠራተኛችሁንም ያዙ። ዜማው ከጠፋባችሁ «ጋስትራይት ነው» ከሚል ሰው ጋር አትከራከሩ፤ ኢሲጂ አስነሡ።

የአክስቴ ልጅ አሁን በግራ እጇ ቡና መቁላት ተምራለች። ንግግሯ ከሞላ ጎደል ተመልሷል። ባለፈው ነሐሴ ሻደይ ላይ አልጨፈረችም፤ ዳር ቆማ አጨበጨበች፤ ማለቴ በግራ እጇ ጭኗን መታች። ደውዬ ዜማው እንዴት ነው አልኳት።

«የየትኛው? የሻደዩ ነው የልቤ?» ብላ ሳቀችብኝ።

የሻደዩን ዜማ አውቀዋለሁ። የልቧን ግን አስከተማ ላይ ሆና፣ በዚያው ቀን፣ ከጣቷ በተወሰደች ጠብታ ደምና በአንዲት ነርስ ጣት ልታውቀው ይገባት ነበር።

ቸር ያሰማን።